ያወቀውን መጻፍ የሚያቅተው ልጅ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከ15 ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ከሌላም አካባቢ የምትከታተሉን፣ ከሥራ እየተመለሳችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙን፣ ወጥ እያማሰላችሁ የምትሰሙን፣ ለሌሊት ፈረቃ የምትዘጋጁ፣ ይህ ሳምንታዊው የወላጆች ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ነው። አእምሮው ፈጣን ነው። ይጠይቃል፣ ያነባል፣ የገባውን ለሌላው ያስረዳል። ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ደብተሩ ይጠፋበታል። የሠራውን የቤት ሥራ እንኳ ሳያስረክብ ይቀራል።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አለ? የእኅታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ እንዲህ ነው? እንግዲያው ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ከአባቱ ጋር ቤልትዌይ በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ናቸው፤ መንገዱ ተዘጋግቷል። ልጁ ማውራት ይጀምራል። የባሕር ውሃ በቀን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ከፍ የሚለው ለምን እንደሆነ ለአባቱ ያስረዳል። ጨረቃ በእሷ በኩል ያለውን ውሃ አጥብቃ ትስባለች ይላል። በተቃራኒው በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ስበቱ ስለሚቀንስበት ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ውሃው በሁለቱም በኩል ያብጣል፤ ምድር በራሷ ዛቢያ ስትዞር ሁለቱንም ቦታ ታልፋለች። ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ልጁ አስተካክሎ ተናገረ።

በማግስቱ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ይኸው ጥያቄ በጽሑፍ መጣለት። 40 ደቂቃ ተሰጠው። ደወል ሲደወል ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው። «ጨረቃ ውሃውን ትስባለች።» ከአሥር ሁለት አገኘ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህ ልጅ ትምህርቱን ያውቃል ወይስ አያውቅም?

(አጭር ዝምታ)

ቦርሳውንም እንክፈተው። ከታች፣ ከመጻሕፍቱ ሥር፣ የተጨማደደ የሒሳብ ወረቀት ይወጣል። ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ መልሱም ትክክል ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት መሰጠት የነበረበት ወረቀት ነው። እናቱ ስልኳ ላይ ፓረንት ቪው የተባለውን የትምህርት ቤቱን መተግበሪያ ስትከፍት ግን የምታየው «ሚሲንግ»፣ ማለትም «አልደረሰም»፣ የሚል ቃልና ዜሮ ብቻ ነው።

አሁን ፍርዱ ይመጣል። መምህሩ «ቢፈልግ ይችላል» ይላል። ቤት ውስጥ «ሰነፍ ነው፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ «አሜሪካ አበላሸው» ይላል። ልጁ ይህን ሁሉ ይሰማል። ለዓመታት ሲሰማ ቆይቶም ያምነዋል። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በተለይ ደግሞ ሴት ልጅ ከሆነች፣ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ በሐሳብ የምትጠፋ ከሆነች፣ ማንንም ስለማትረብሽ ጨርሶ ሳትታይ ልትቀር ትችላለች።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

የአሜሪካ አስተማሪዎች ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ስም አላቸው። «ትዋይስ ኤክሴፕሽናል» ይሏቸዋል፤ ሲያሳጥሩት «ቱ ኢ»። ልጁ በአንድ በኩል ከእኩዮቹ የላቀ ተሰጥኦ አለው። በሌላ በኩል ደግሞ ትምህርቱን የሚያከብድበት ችግር አለበት። ችግሩ ትኩረትን የሚነካው ኤ ዲ ኤች ዲ ሊሆን ይችላል። መጻፍን የሚያስቸግረው ዲስግራፊያ ሊሆን ይችላል። ማንበብን የሚያከብደው ዲስሌክሲያ ወይም ኦቲዝም ሊሆንም ይችላል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይኖራሉ። እደግመዋለሁ፤ ተሰጥኦና ችግር በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይኖራሉ።

አንድ ሰው ሲጽፍ አእምሮው ስንት ሥራ እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሐሳቡን ይዞ መቆየት አለበት። ቃል መምረጥ፣ ፊደሉን ማስታወስ፣ እጅን ማንቀሳቀስ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ማሰብ አለበት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ለአብዛኞቻችን ፊደል መጣሉ ሳናስበው የሚሄድ ነገር ነው። ዲስግራፊያ ያለበት ልጅ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ያስባል። ሦስተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ጠፍቷል። ስለዚህ የሚያውቀውን አይጽፍም፤ እጁ የሚችለውን ያህል ብቻ ይጽፋል።

ዕቃን መያዝ፣ ጊዜን መመደብ፣ ሥራን መጀመርና መጨረስም እንደዚሁ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሥራ ነው። ስለ ጨረቃ ስበት ከሚያስበው ችሎታ ይለያል። አንዱ በርትቶ ሌላው ሊደክም ይችላል።

የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ ያለበት አይመስለኝም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው። ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል። መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ሊቅነቱ የሚለካው በብዕር ፍጥነት አልነበረም። በቃል የሚገለጥ ዕውቀት ዕውቀት መሆኑን የእኛ ሊቃውንት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለምን አያየውም?

አንዱ ምክንያት መሸፋፈን ነው። አንዳንዱ ልጅ በብልህነቱ ችግሩን ይሸፍናል። መካከለኛ ውጤት ያመጣል፤ «ደኅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዱን ደግሞ ችግሩ ተሰጥኦውን ይሸፍንበታል። ጽሑፉ ብቻ እየታየ ዝቅተኛ ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ተሰጥኦ እንዳለው የሚጠረጥር የለም። ሁለቱም የተሸፈኑበት ልጅ አለ። እሱ ከውጭ ሲታይ ተራ ተማሪ ነው።

የአእምሮ ችሎታ ፈተናም ሊያሳስት ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ዌክስለር የተባለው የልጆች ፈተና የተለያዩ ችሎታዎችን ለየብቻ ይለካል። የቃላት ግንዛቤና የማመዛዘን ችሎታ አንድ ነገር ነው፤ ሥራን በፍጥነት መጨረስ ሌላ ነገር ነው። ልጁ በማመዛዘን እጅግ ከፍ ብሎ በፍጥነት ዝቅ ቢል፣ ሁሉም ተደምሮ የሚወጣው አንድ ቁጥር ሁለቱንም ይደብቃል። ስለዚህ ውጤት ሲነገራችሁ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «የየክፍሉን ለየብቻ አሳዩኝ» በሉ።

ለእኛ ልጆች ሌላም ነገር አለ፤ ቋንቋ። «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚናገር ነው፣ ከጊዜ በኋላ ይስተካከላል» ይባላል። ሕጉ በርግጥ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስን ብቻ ይዞ ልጅን አካል ጉዳተኛ ማለትን ይከለክላል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳምሮ እያስረዳ ብዕር ሲይዝ ብቻ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ቋንቋ አይደለም። ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሁለቱም ቋንቋ የምትሰሙት እናንተ ናችሁና ንገሯቸው።

(ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥሩ ትምህርት ቤት ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችሁ የምትኖሩበት፣ በሜሪላንድ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ አለው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተሰጥኦና የመማር ችግር አብረው ላሉባቸው ልጆች የተለየ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የካውንቲው መመሪያ በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው ልጁ ጎበዝ በሆነበት ነገር ጠንከር ያለ ትምህርት ማግኘት እንዳለበት ነው። ከዚያ የጎደለውን ችሎታ ማስተማር ይመጣል። ከዚያም አሠራሩን ለልጁ እንዲመች ማስተካከል፣ ነገሩንም በኃላፊነት የሚከታተል ሰው መመደብ።

የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ በሉልኝ። ተሰጥኦው ነው የቀደመው።

ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። «መጀመሪያ ጽሑፉን ያስተካክል፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው ሒሳብ ክፍል እናስገባዋለን» ይባላል። ቤትም እንዲሁ ነው። «የቤት ሥራህን ሳትጨርስ ሮቦቲክስ ክለብ የለም» እንላለን። አስቡት። ይህ ልጅ በሳምንት ውስጥ ጎበዝ መሆኑን የሚያይባት አንዲት ሰዓት እሷ ናት። እሷን ስንወስድበት የቤት ሥራው አይሠራም፤ ልጁ ግን ተስፋ ይቆርጣል። ተሰጥኦውን የሚያሳድግ ትምህርት የጥሩ ጠባይ ሽልማት ሊሆን አይገባም። ለልጁ ምግቡ ነው። እባካችሁ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፤ የሚችለውን ነገር ለማይችለው ነገር መቅጫ አታድርጉት።

ወደዚያ የሳይንስ ጥያቄ እንመለስ። አንዲት አስተዋይ መምህርት ብታገኘው ምን ታደርግ ነበር? ክሮምቡኩን ከፍቶ ለሦስት ደቂቃ በድምፅ እንዲያስረዳ ትነግረዋለች። ለሳይንስ ዕውቀቱ የምትሰጠው ውጤት በዚያ ላይ ይመሠረታል። ኮምፒውተሩም የሚናገረውን እዚያው ወደ ጽሑፍ ይለውጥለታል፤ ጉግል ዶክስ ላይ ይህን የሚሠራ መሣሪያ አለ። ቀጥሎ «ከዚህ ውስጥ አንዷን አንቀጽ ምረጥና አብረን እናሳምራት» ትለዋለች። አሁን ልጁ መጻፍ እየተማረ ነው፤ የሚማረው ደግሞ በራሱ ሐሳብ ላይ ነው። የፊደል ስህተቱ ለብቻው ይታያል፤ ሳይንሱን ግን አይነካበትም።

«ይህማ ማቅለል ነው፣ ሌሎቹ ልጆችስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሳይንሱ ጥያቄ ግን አልቀለለለትም። የተቀነሰለት የጽሑፉ ብዛት ነው፤ የሐሳቡ ክብደት አልተቀነሰም። ሃያ ተመሳሳይ የሒሳብ ጥያቄ ከመሥራት አምስቱን ከባዶቹን ቢሠራ ማወቁ ይታያል። መጻፍን ማስተማሩም ይቀጥላል፤ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሚያውቅ ሰው። ከጽሑፍ ጨርሶ ነፃ የሚያደርገው ትምህርት ቤት ልጁን አልረዳውም።

ቦርሳውስ? «ቦርሳህን አስተካክል!» ማለት ማስተማር አይደለም። የሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚያስረክበው ወረቀት ሁሉ የሚገባበት አንድ ማኅደር ይሰጠዋል፤ አንድ ብቻ። ዓርብ ዓርብ ከአንድ አዋቂ ጋር ሆኖ ቦርሳውን ባዶ ያደርጋል፤ የጠፋው ይገኛል፣ ሳይሰጥ የቀረው ይሰጣል። ወር የሚፈጅ ፕሮጀክት ሲሰጥ በአራት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ቀን ይቆረጥለታል።

እዚሁ አካባቢያችን፣ በዋሽንግተን የልጆች ሆስፒታልና በሮክቪል በሚገኘው በአይቪማውንት ትምህርት ቤት ያሉ ባለሙያዎች ለዚህ የሚሆን ትምህርት አዘጋጅተዋል። መጀመሪያ የታሰበው ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ነበር። ልጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱን እንዲጠይቅ ያስተምሩታል። ግቤ ምንድን ነው? ለምን? ዕቅዴስ? ከዚያ ይሠራል፤ በመጨረሻም ይፈትሻል። ይህንን ቤት ውስጥ በአማርኛ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ግብህ ምንድን ነው? ለምን? በምን ትጀምራለህ? ከቁጣ ይልቅ ይህ ይሠራል።

(ሙዚቃ፤ 8 ሰከንድ)

አሁን ስለ መብታችሁ። ብዕር ያላችሁ አቅርቡ።

ሁለት የፌዴራል ሕጎችን እወቁ። አንዱ በ1973 የወጣው ሕግ አንቀጽ 504 ነው። በዚህ መሠረት ልጁ ተጨማሪ ጊዜ፣ በኮምፒውተር መጻፍ፣ በቃል መመለስ የመሳሰሉትን ሊያገኝ ይችላል፤ «ፋይቭ ኦ ፎር ፕላን» የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው በ1975 የወጣው፣ ዛሬ «አይዲያ» የሚባለው ሕግ ነው። ይህኛው ልጁ የተለየ ትምህርት ሲያስፈልገው «አይ ኢ ፒ» የሚባለውን የግል የትምህርት ዕቅድ ያሰጠዋል።

«የእናንተ ልጅ እኮ አልወደቀም፣ ጎበዝ ነው» ቢሏችሁስ? ይህ መልስ አይሆንም። የአይዲያ ደንብ ልጁ ከክፍል ክፍል እያለፈ ቢሆንም፣ ባይወድቅም፣ መብቱ እንደማይቀር በግልጽ ይናገራል። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በ2013 እና በ2015 ባወጣቸው ደብዳቤዎች ከፍተኛ የአእምሮ ችሎታ ያለው ልጅ ምርመራ ሊከለከል እንደማይገባ አስታውቋል። «ከፍተኛውን ክፍል ከፈለገ ተጨማሪ ጊዜውን ይተው» ማለትም አይቻልም፤ ይህን ደግሞ የሚኒስቴሩ የዜጎች መብት ቢሮ በ2007 በደብዳቤ አሳስቧል።

«ልጄን ስፔሻል ሊሉት ነው፣ ሰው ምን ይላል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፍርሃታችሁን አልንቅም፤ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ነው። ነገር ግን የልጁ ማኅደር ምስጢር ነው፤ ለጎረቤት አይነገርም። ያለ እናንተ ፊርማም የመጀመሪያው ምርመራ አይጀመርም፣ አገልግሎቱም አይሰጥም። ደግሞስ ልጁ አሁን ስም ሳይወጣለት ቀርቷል? «ሰነፍ» ተብሏል እኮ። ከዚህ የባሰ ስም የለም።

ስብሰባ ስትጠሩ አስተርጓሚ ጠይቁ። ለአይ ኢ ፒ ስብሰባ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ክፍያ የለውም። ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። በሜሪላንድ ደግሞ የተዘጋጀው ዕቅድ በካውንቲው በስፋት ወደሚነገር የወላጅ ቋንቋ እንዲተረጎም መጠየቅ ይቻላል፤ ሕጉ 30 ቀን ይሰጣል። አማርኛ በሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

(ሙዚቃ በዝቅታ ይገባል)

መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ደብዳቤ ነው። በቃል የተነገረ ይረሳል። ኢሜይል ቢሆንም ይበቃል። ለርእሰ መምህሩ፣ ግልባጭ ለካውንስለሩ። ቀስ ብዬ ልናገር፣ ጻፉ።

ቀኑን ከላይ አስፍሩ። ከዚያ፦ «ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በቃል አሳምሮ ያስረዳል፤ መጻፍና ሥራውን ማደራጀት ግን በጣም ያስቸግረዋል። በአይዲያና በአንቀጽ 504 መሠረት ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ተሰጥኦውም አብሮ እንዲታይ እፈልጋለሁ። የአማርኛ አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።» ይኸው ነው። ከሥር ስማችሁና ስልካችሁ። አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።

ትምህርት ቤቱ ከተስማማ የስምምነት ቅጽ ይልክላችኋል። በፌዴራሉ ደንብ ፊርማችሁን ከሰጣችሁበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው መጠናቀቅ አለበት። ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ጊዜ መወሰን ስለሚችሉ ቨርጂኒያ ያላችሁ 65 የሥራ ቀን ጠብቁ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ተመርምሮ በውጤቱ ካልተስማማችሁ ደግሞ በመንግሥት ወጪ ሌላ ገለልተኛ ምርመራ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ነገር አያይዙ። ልጁ ስለሚወደው ነገር ሲያስረዳ በስልካችሁ የቀረጻችሁትን ሁለት ደቂቃ ድምፅና ስለዚያው ጉዳይ በእጁ የጻፈውን ወረቀት። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰማና ያየ መምህር «ሰነፍ ነው» ለማለት ይቸግረዋል።

በሚመጣው ሳምንት ስለ አይ ኢ ፒ ስብሰባ እንነጋገራለን፤ ማን ይገኛል፣ ምን ይጠየቃል፣ ምን ላይ ሳያነቡ መፈረም አይገባም የሚለውን አንድ በአንድ እናያለን። እስከዚያው ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ጻፉትና ነገ ጠዋት ላኩት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)